ከስድስት እስከ ዘጠኝ

የቀለም ሽታ አልወድም፤ ራሴን ያዞረኛል። ባለፈው ሰሞን ግን ነገሌ፣ እዚያው የድሮ ቤታችን በር ላይ፣ ታፔላ የሚጽፈው ሰውዬ ቆርቆሮውን ከፍቶ ብሩሹን እየነከረ ቆሞ ሳለ፣ ልጃችን ጉያቱ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "አባዬ፣ ስንት ሰዓት ተከፍቶ ስንት ሰዓት ይዘጋል ብሎ ይጻፍ?" ብትለኝ፣ የሽታውም ነገር የራሴም ነገር ከናካቴው ጠፋኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እሷ መቼም እርጅና ነው ብላ አዝናልኝ ይሆናል። እርጅና አልነበረም። ይህ ጥያቄ እዚሁ በር ላይ፣ እሷ ገና ሳትወለድ፣ እናቷንና እኔን እንቅልፍ ነስቶን ስለነበር ነው።

ጉያቱ የምትከፍተው ትንሽ ካፌ ነው። የቡና ማሽኑ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ ከአዋሳ መጥቷል። ሲኒው ነጭ፣ ወንበሩ ብረት፤ የማኪያቶውን ዋጋ ስትነግረኝ "ከነላሟ ነው?" ብዬ ጠየቅኋት። ባሏ ዳንኤል ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን አዋሳ ስላደገ ይሁን እንጃ ችኩል ነው። "ሃያ አራት ሰዓት ክፍት ነው ብለን እንጻፍ፤ ዘመኑ የውድድር ነው" ይላል። "ልጄ፣ ሃያ አራት ሰዓት የሚሠራ ፈጣሪ ብቻ ነው፤ እሱም በሰባተኛው ቀን አርፏል" አልኩት። ሳቀ፤ ከሐሳቡ ግን ፈቅ አላለም። ታፔላ ጻፊው ክርክራችንን ሰምቶ፣ "እናንተ እስክትስማሙ እኔ ሻይ ልጠጣ" አለና ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ አጋድሞ ማዶ ተሻገረ። እኔም የድሮው ደፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ነገሩ የሆነው መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ባሉት ዓመታት ነው። የትኛው ዓመት እንደነበር ባለቤቴ ዘነቡና እኔ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። እሷ በልብስ ነው የምታስታውሰው፤ "ኮንጎ ጫማ የገባ ጊዜ" ትላለች። እኔ ደግሞ በቡና ነው፤ አንድ ሲኒ ቡና ስሙኒ የነበረ ጊዜ። ከካምፕ የወጣ የወታደር ካፖርት ገበያ ላይ ተቆልሎ ይሸጥ ነበር፤ በዚያ ቆላ፣ በዚያ ሙቀት ካፖርት ማን ይገዛል ብዬ እገረም ነበር። ለካ የቦሬ ሰዎች ናቸው! ብርዱ እዚያ ነውና እየጫኑ ወደ ደጋ ይወጣሉ። የነገሌ ጎረምሳ ሽርጡን አሸርጦ፣ ሸበጡን እየጎተተ፣ ከሞያሌ የመጣች ትንሽ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ይሄዳል። እኛም ቴፕ ነበረችን፤ ካሴት ትበላለች። እኔ የተበላውን ክር በእስክሪብቶ ጠምዝዤ ስመልስ ደንበኛው ሁሉ ሲኒውን ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ ያየኝ ነበር። ዘፈኑ ካቆመበት ሲቀጥል ያጨበጭቡልኛል።

እኔ የክብረ መንግሥት ልጅ ነኝ። አባቴ ወርቅ አገኛለሁ ብሎ ከሰሜን ድረስ ወረደ፤ ወርቁን አጣው፣ እናቴን አገኘ። ነገሌ የመጣሁት በመሥሪያ ቤት ዝውውር ነው፤ ንብረት ክፍል ነበርኩ። ዘነበችን ያገኘኋት እዚሁ ነው። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ስትቆጣ ኦሮምኛው ከአማርኛው ይቀድምባታል፣ ስትስቅም እንዲሁ። ደመወዜ ከወር ወር አላደርስ ሲለን የፊት ክፍላችንን ሻይ ቤት አደረግነው። ሰዉ ሻይ ቤት ይበለው እንጂ የሚጠጣው የሷን ቡና ነበር። እኔ ያፈላሁትን ቀን አንድ ደንበኛ "ጋሽ ታደሰ፣ እግርዎን የታጠቡበት ነው?" ስላለኝ፣ ከዚያ ወዲያ ጀበና ነክቼ አላውቅም።

ሰዓታችንን የወሰነልን መኪና ነበር። ወደ ላይ የሚወጣው አውቶቡስ ከንጋቱ አስራ ሁለት ላይ ስለሚነሣ ዘነቡ አስራ አንድ ሳይሞላ በሩን ትከፍታለች። ተጓዡ ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ፣ ዐይኑን እያሻሸ ይጠጣል። ከክብረ መንግሥት የሚመጣው መኪና ደግሞ እኩለ ቀን ላይ፣ አቧራውን ተከናንቦ ይደርሳል፤ ዋናው ገበያችን ያ ነው። ከዚያ ማታ የከተማው ሰው አለ። እንግዲህ ይህች ሴት ከንጋት እስከ ማታ በእግሯ ናት ማለት ነው። እኔ ቢሮ ነኝ። ሰው እንቅጠር ብንል አቅማችን አይችልም።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ዘነቡ አረገዘች። ደስ ያለን እንዳይመስላችሁ። ፈራን። ከዚያ በፊት ሁለቴ አርግዛ ሁለቴም በመንገድ ቀርቶባታል። ሦስተኛውን አፍ አውጥተን እንኳ አላወራነውም፤ ስሙን የጠራነው እንደሆነ የሚሸሽ ይመስለን ነበር። ጤና ጣቢያ የነበረችው ሲስተር እጇን ይዛ፣ "ዘነበች፣ እኔ መድኃኒት የለኝም። መድኃኒቱ አልጋ ነው። ቀን ፀሐዩ ሲከር፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ፣ በሩን ዘግተሽ ተኚ። ቆመሽ ከዋልሽ ይኼም አይቆይልሽም" አለቻት። እኔ እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ።

ቤት እንደገባን ክርክር ጀመርን። "ንጋቱን ልተወው እንጂ እኩለ ቀኑንማ አልዘጋም" አለች። "ያቺ መኪና ናት የምታኖረን። አንዴ መጥቶ በር የተዘጋበት ደንበኛ ማዶ ይሻገራል፣ ማዶ የተሻገረ ደግሞ አይመለስም።"

"ይሻገራ! ሲሻገር ይሻገር!" አልኩ። "ሲስተሯ ያለችው እኩለ ቀን ነው እንጂ ንጋት አላለችም።"

"እሷ ሻይ ቤት የላትም።"

"አንቺስ ልጅ አለሽ?" ብዬ ልናገር ነበር፤ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነው የዋጥኩት። እግዜር ይስጠው የከለከለኝን። ፊቷን ሳይ እሷም ያላልኩትን ሰምታዋለች። "እሺ፣ ነገ እዘጋለሁ" አለች።

በማግስቱ ከስድስት ሰዓት በኋላ ከቢሮ ወጥቼ ስመጣ፣ ከሩቅ፣ ቤታችን በር ላይ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ቀረብ ስል ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንዷ ደረቷን ትመታለች። ወንዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ጋሽ በዳሶ ጡሩምባቸውን በብብታቸው ይዘው መሐል ላይ ናቸው። ልጁ ቀርቷል፤ እሷም ከልጁ ጋር ሄዳለች አልኩ። መንገዱ መሐል ቁጭ አልኩ፤ አፈሩ ላይ። እስከ ዛሬ የዚያ አፈር ትኩሳት ይሰማኛል።

ጋሽ በዳሶ አዩኝና ዐይናቸው ፈጠጠ። "አንተ አለህ እንዴ?" አሉ። "ታዲያ ማን ብዬ ልንፋ?"

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። ዘነቡ በውስጥ ቀሚሷ፣ ጸጉሯ ተንጨብርሮ ወጣች፤ ለቅሶ ነው ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት። ሕዝቡን ስታይ "ታደሰን ምን አገኘብኝ?!" ብላ ጮኸች። እኔ ከመሬት ሆኜ "አለሁ! አለሁ!" እላለሁ፤ ማን ይስማኝ። ተያይተን ስንተቃቀፍ ሴቶቹ ጭራሽ ለቅሶውን አቀለጡት። ነገሩ ሲጣራ የሞተ ሰው የለም። በዚያ ዘመን በኛ ሰፈር በር በቀን የሚዘጋው ለሞት ብቻ ነበር። አንዱ አላፊ "የነዘነቡ በር ተዘግቷል" አለ፣ ሁለተኛው "ውይ፣ ታመው ነበር" አለ፣ ሦስተኛው ጋሽ በዳሶን ሊጠራ ሮጠ። ይኸው ነው። እኔ እየሳቅሁ አለቀስኩ፤ ወይም እያለቀስኩ ሳቅሁ። የመጣውን ለቀስተኛ ባዶ እጁን አንሰድም ብለን ቡና አጠጥተን ሸኘነው፤ ዘነቡ ያን ቀንም አልተኛችም።

ከዚያ በኋላ በጄ አልል አለች። "በቁሜ ተለቅሶልኛል፤ ሟርት ነው" አለች። "ሁለተኛ ይህ በር በቀን አይዘጋም።" ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ ዘመድ ልኬ አልሆነም። ቀን በቀን እግሯ ሲያብጥ አያለሁ። ቢሮ ቁጭ ብዬ ብርድ ልብስና አካፋ ሳስረክብ ልቤ ቤት ነው። አንድ ጠዋት ማንኪያ ወደቀባትና ጎንበስ ብላ ማንሣት አቃታት፤ ግድግዳውን ይዛ ቀረች። አልቅሳም አታውቅ፣ ያን ቀን አለቀሰች።

ይህን ጊዜ ነው አደ ቱሜ የገቡት። አደ ቱሜ ወተት የሚያመጡልን የጉጂ ሴት ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ካለ መንደር፣ ወተቱን በጪጮ፣ በዚያ በሣር በተሠራ ዕቃቸው ይዘው፣ ጸሐይ ከፍ ሲል ይደርሳሉ። ረጅም ናቸው፤ ሲንቄያቸው ከእጃቸው አይለይም። ሲንቄ እንግዲህ ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን በትር ናት፤ በጉጂ ሲንቄ የያዘች ሴት መንገድ ላይ ከቆመች ወንድ ተራምዷት አያልፍም። አደ ቱሜ ጪጮውን አስቀምጠው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አዩ።

"አካም? ቤት ናጋ አይደለም?" ብለው የቤቱን ሰላም ጠየቁ።

ዘነቡ በኦሮምኛ ሁሉንም ነገረቻቸው። ለቅሶው ጋ ስትደርስ አደ ቱሜ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጋሽ በዳሶ "ማን ብዬ ልንፋ" ያሉትን ሁለቴ አስደገሟት። ከዚያ ፊታቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ፤ አማርኛቸው የራሳቸው ነበር፣ "ሰው ምን ያድርግ? በር ዝም አለ፣ ሰው ፈራ። በር አፍ የለም። እኔ አፍ አለኝ" አሉ።

"ምን ማለትዎ ነው፣ አደ?"

"ወተት አለቀ፣ ፀሐይ ከረረ። ፀሐይ ሳይበርድ እኔ አገር አልገባም፤ ዛፍ ሥር ነው የምቀመጠው። እዚህ ብቀመጥ ምናለ? ዘነቡ ትተኛለች፣ እኔ በር ላይ። ሰው ከጠየቀ 'ናጋ፣ ረፍቴ' እለዋለሁ።" ሰላም ነው፣ ተኝታለች ማለታቸው ነው።

ዘነቡ "አይሆንም፣ እርስዎን ጠራራ ላይ አስቀምጬ እኔ..." ስትል፣ አደ ቱሜ "ጨል ጄዲ!" አሏት፣ ዝም በይ። ዝም አለች። እኔ ያን ሁሉ ቀን የለመንኳት ሴት በሁለት ቃል ዝም አለች! ባለ ሦስት እግሯን በርጩማ ጎተቱና ከክዳኑ ጥላ ሥር፣ በሩን በጀርባቸው ዘግተው ተቀመጡ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስድስት ሰዓት ሲል በሩ ይዘጋል፣ አደ ቱሜ ይቀመጣሉ። እሳቸው ያልመጡ ቀን አብረዋቸው ወተት የሚሸጡት ሴቶች ይተካሉ፤ አደ ቱሜ ተራ አውጥተውላቸዋል። ከቢሮ ስመለስ ከሩቅ በርጩማዋን አያለሁ፣ በርጩማዋ ላይ ሰው ካለ ትንፋሼ ይመለሳል። ሲያዩኝ ሳልጠይቃቸው "ናጋ" ይሉኛል። በሕይወቴ ብዙ ቃል ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም።

አንድ ችግር ብቻ ቀረ፤ ሾፌሩ ሁሴን። ሁሴን ከክብረ መንግሥት እየነዳ ሲመጣ፣ ከተማ መግቢያ ላይ ጀምሮ ክላክሱን ለቆ ነው የሚገባው። ነገሌ መድረሱን ለነገሌ ካልነገረ አይሆንለትም። ዘነቡ ገና ሸለብ ሲያደርጋት ያ ጩኸት ያስበረግጋታል። አንድ ቀን እንዳመሉ እየጮኸ ሲመጣ አደ ቱሜ ተነሥተው መንገዱ መሐል ገቡ፤ ሲንቄያቸውን በሁለት እጃቸው አግድመው ቆሙ። ሁሴን የዚያው አገር ልጅ ነው፣ የሲንቄን ነገር ከእናቱ ያውቃል። ፍሬኑን ረግጦ፣ አቧራው ሳይበርድ ወርዶ፣ "እናቴ፣ ምን አጠፋሁ?" አለ። "ረፍቴ!" አሉት፣ በሩን በአገጫቸው እያሳዩ። ነገሩ ሲገባው ክላክሱ ላይ አርፎ የነበረውን እጁን ልብሱ ላይ ጠረገ። ከዚያ ወዲያ እኛ ሰፈር ሲደርስ አፉን እንደያዘ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚያልፈው። ተሳፋሪዎቹን ደግሞ "ምሳችሁን ብሉ፣ ጥላ ሥር ጋደም በሉ፤ ቡና በዘጠኝ ሰዓት ነው" ብሎ ያሳምናቸው ጀመር። ለካስ በዚያ ጠራራ ቡና የሚያምረው ሰው ጥቂት ነው! ዘጠኝ ላይ በሩ ሲከፈት ሰዉ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ማዶ ተሻግረው የነበሩትም ተመለሱ፤ ዘነቡ ይህን እስከ ዛሬ አላመነችም፣ "ያኔም አልተሻገሩም" ትላለች።

እንደዚያ እያልን ወራቱ ገፋ። አንድ ቀን ከቢሮ ስመጣ በርጩማዋ መሬት ላይ ተጋድማለች፤ አደ ቱሜ የሉም፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ግድግዳ ይዤ ሳለሁ ነው ከወዲያ፣ ከጤና ጣቢያው በኩል፣ የሁሴን ክላክስ የሰማሁት። ወራት ሙሉ ታፍኖ የኖረው ክላክስ የከተማውን መንገድ ሁሉ እያስለቀቀ ይጮኻል። ዘነቡን ምጥ ይዟት፣ አደ ቱሜ በርጩማዋን ገልብጠው ሮጠው፣ ሁሴን የመጣበትን መኪና ሳያራግፍ ጭኗቸው ነው። እኔ ሮጬ ስደርስ ሁሴን በር ላይ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል፤ ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። ትንሽ፣ የተቆጣ ልቅሶ። ሲስተሯ ብቅ ብላ "ሁለቱም ደኅና ናቸው" አለችኝ። ተመስገን!

ጉጂና ቦረና ልጅን በተወለደበት ሰዓት ይጠራሉ። ንጋት ላይ የተወለደ ቦሩ ነው፣ ማታ ሲሆን ገልገሎ። የኛዋ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ በሚዘጋበት ሰዓት መጣች። አደ ቱሜ ቡናውን ከነገለባው በቅቤ ጠብሰው፣ ያን እነሱ ለበረከት የሚያቀርቡትን፣ ይዘው ገቡና ልጅቱን አቅፈው "ጉያቱ" አሏት፤ የቀን ልጅ። ዘነቡ ያዘጋጀችው ስም ሌላ ነበር። ከተማው አልተቀበለውም።

አደ ቱሜ ዕድሜ ጠግበው፣ በልጅ ልጆቻቸው መሐል አርፈዋል። በርጩማዋ ግን ከኛ ጋር ናት።

ይህን ሁሉ ደፉ ላይ ተቀምጬ ለጉያቱና ለዳንኤል ነገርኳቸው። ዳንኤል ጋሽ በዳሶ ጋ ስደርስ በሳቅ ሞተ። ጉያቱ ግን አልሳቀችም። ጫማዋን ታያለች። እሷም ባለፈው ዓመት አርግዛ ቀርቶባት ነበር፤ እናቷ ናት የነገረችኝ።

"አባዬ" አለች፣ "ሰዓቱን አባትሽን ጠይቂ ያለችኝ እማዬ ናት።"

"ለምን እኔን? እሷ አታውቅም?"

"ታውቃለች።" እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። "ሐኪሙ ቀን ቀን መተኛት አለብሽ ብሎኛል።"

ዳንኤል ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ያላወቅነው ሁለታችን ወንዶቹ ብቻ ነበርን። ቀስ ብሎ ሄዶ እጇን ያዘ። ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ታፔላ ጻፊውን ከነሻይ ብርጭቆው ጎትቶ አመጣው፤ "ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዝግ ነው ብለህ ጻፍ" አለው፣ "ጎላ አድርገህ።"

ካፌው ከተከፈተ ሰነበተ። ስድስት ሰዓት ሲል ጉያቱ ጓዳ ገብታ ትተኛለች፣ ዳንኤል በሩን ይዘጋል፣ እኔ በርጩማዋን አወጣለሁ። ሲንቄ የለኝም፣ የወንድ ዕቃ አይደለም፤ ከዘራ ግን አለኝ። ትናንት አንድ የባጃጅ ልጅ ዘፈኑን ለቆ፣ ክላክሱን እያንጫጫ ሲመጣ ከዘራዬን አነሣሁ። ቆመ። በሩን አየ፣ እኔን አየ። ታፔላውን አላነበበም፤ በዚህ ከተማ ታፔላ የሚያነብ የለም።

"አባባ፣ ምነው በቀን ተዘጋ? ሰላም አይደለም?"

"ናጋ" አልኩት። "ረፍቴ።"

ልጁ ዘፈኑን አጠፋ። ቀጥሎ ሞተሩን አጠፋ። ወረደና ባጃጁን በእጁ እየገፋ፣ ቀስ ብሎ፣ በሩን አለፈ።